ወራጅ አለ

በአርባ ምንጭ ከተማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ባጃጅ ሲወጣው የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። አስም ያለበት መሪጌታ ከነቁጣው ዜማ የሚያስተምር ይመስላል፤ ይጎተታል፣ ይቆጣል፣ ያስላል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። በሁለት ሺህ አስራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ውስጥ፣ አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንዲህ እያሳላት ከምትወጣ ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ኤርጫፎ ተቀምጠው ነበር። የግራና የቀኙን ሸራ አስወርደዋል። ጭናቸው ላይ አዲስ ሻንጣ አለ።

ባጃጇ ኮንትራት ናት። ጋሽ ኤርጫፎ ከሰው ጋር ተጠጋግተው አይሳፈሩም። በደህናው ዘመን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሥራው ምን እንደነበረ የሚያጣራ ኮሚቴ ዛሬም ይሰበሰባል እየተባለ ይቀለዳል። በጡረታ ላንድክሩዘሩ ቀረ። ክብሩም አብሮ ቀረ ብለው ግን አያምኑም። ስለዚህ ሹፌሩን ጀዋርን በስልክ ይጠሩና እድር እንኳ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ የእድሩ ድንኳን ከደጃቸው ቆመው ቢጣሩ የሚሰማ ቦታ ነው። «በእግርዎ ቢሄዱስ?» ብሎ ለደፈራቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦

«ከበቅሎ ወደ ላንድክሩዘር ወጣሁ። ከላንድክሩዘር ወደ ባጃጅ ወረድኩ። ከባጃጅ በታች ያለው መሬት ነው። ወደ መሬት ደግሞ ሰው የሚወርደው አንዴ ብቻ ነው።»

ሰሚው ይስቃል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

ሻንጣው የልጃቸው የመቅደስ ነው። መቅደስ አባያ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሰሞኑን «አባዬ፣ ወደ ካምባ ልዛወር ነው» አለቻቸው። የካምባ መንገድ ተራራ ነው የሚወጣው፤ በጋሽ ኤርጫፎ የቢሮ ቋንቋ ደግሞ የወጣ ሁሉ ያደገ ነው። ስለዚህ «ልጄ እድገት አገኘች» ብለው ለእድሩ አወሩ፣ ተመሰገኑ፣ ሻንጣም ገዙ። ከአድናቂዎቻቸው ተለይተው ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ያ ቤት ያለሷ እንዴት እንደሚያድር ያስባሉ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ከሸራው ውጭ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

ሸራውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርገው አዩ። አንዲት ወጣት ሴት እንደ ተገመሰ ቅል ያለ ቆብ ደፍታ፣ ሳይክል ላይ ሆና ከባጃጇ ጎን ለጎን ትወጣለች። አወቋት። የድሮ ሹፌራቸው የኦይታ ልጅ ሻሺቱ ናት፤ በሳይክል ውድድር ሜዳሊያ ያመጣች፣ ከዚያም ወደ አገሯ ተመልሳ በየትምህርት ቤቱና በየገበያው «ቅርቡን በእግር፣ ራቅ ያለውን በሳይክል» እያለች የምትሰብክ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ?» አሉና ሸራውን መለሱት። በሳቸው ቤት ነገሩ አለቀ።

አላለቀም። የጋሞ ደጋ ሰው ልጅ ሰላምታዋ በአንድ ቃል አይጠናቀቅም። ቤት እንዴት ነው አለች፤ ጤናዎስ አለች፤ ከብቱስ፣ ሙቀቱስ፣ ጎረቤቱስ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ሲተላለፍ ሰላምታው ያበቃል። አሁን ግን ባጃጇም ሳይክሏም እኩል ስለሚሄዱ የሚያቋርጠው ነገር ጠፋ። ጋሽ ኤርጫፎ ስለሌላቸው ላም ደህንነት ሁለት ጊዜ ከመለሱ በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ሸራውን ከፍተው፣ «ሽማግሌ ሰላም የሚባለው ከላይ ተሆኖ ነው?»

«ከላይ አይደለሁም ጋሼ፤ እኩል ነን።»

«ወርደሽ በይ ማለቴ ነው። ያባትሽ አገር ሰው ከበቅሎ ሳይወርድ ሽማግሌ ሰላም ይላል?»

«ብወርድ ያመልጡኛል ብዬ ነው።»

«ኧረ አይዞሽ፣» አለ ጀዋር ከፊት ሆኖ፤ «እንኳን አንቺን፣ ጥላችንንም አላመለጥን።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ባጃጇ ሁለት ጊዜ ተንፈቀፈቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ጀዋር ቁልፉን አዞረ፤ መለሰ፤ ደግሞ አዞረ። ታንኩን መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ በጨዋ ሰው ድምፅ፦

«ወራጅ አለ» አለ።

ይህ ቃል የተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪ ሰፈሩ ሲደርስ ይለዋል፣ ሹፌርም ያቆማል። ከሹፌር አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ኤርጫፎ ደግሞ ከገዛ አፋቸውም አውጥተውት አያውቁም፤ ኮንትራት የያዘ ሰው ከነክብሩ ደጁ ድረስ ይወሰዳል እንጂ ወራጅ አለ አይልም።

«ቤንዚን ነው?»

«ቤንዚን ነበር» አለ ጀዋር። «ማደያው ከደረቀ ሰነበተ። ሲቀላ በሃይላንድ የሚሸጡ አሉ፤ ወርጄ ላምጣ።» ከመቀመጫው ሥር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አወጣ።

«ሳይክሌን ውሰድ፤ ቁልቁለት ነው፣ ቶሎ ትደርሳለህ» አለችው ሻሺቱ።

«እኔ? የባጃጅ ሹፌር በሳይክል ሲወርድ ቢያዩኝ ከተራው ያስወጡኛል። ወላሂ በእግሬ ይሻለኛል።» ሃይላንዱን በብብቱ አድርጎ ቁልቁል ሄደ። እንግዲህ ክብር የጡረተኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ጋሽ ኤርጫፎ ወረዱ። ሻሺቱም ወረደች፤ ሳይክሏን ድንጋይ አስደግፋ፣ ቆቧን አውልቃ፣ ዝቅ ብላ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ጨበጠቻቸው። «ሳሮ» አለች በጋሞኛ። እንዲህ ያለ የተሟላ ሰላምታ ከሰጣቸው ሰው ጋር መቀያየም አይቻልም። ተጣሉ እንጂ አልተቀያየሙም።

«አባትሽ እኔን ስንት ዘመን በላንድክሩዘር ነድቶኛል» አሉ መንገዱ ዳር ካለች ዛፍ ጥላ ሥር እየተጠጉ። «የሱ ልጅ ከመኪና ወደ ሳይክል ትውረድ?»

«መኪናው ያባቴ አልነበረም ጋሼ። የእርስዎም አልነበረም።»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ጋሽ ኤርጫፎም መንገዱን ለወጡ።

«ይሁን። ይህን ሙቀትና ይህን ዳገት የፈጠረ አምላክ ግን ሳይክልን ለአርባ ምንጭ አላሰባትም። ሰው ላብ በላብ ሆኖ ቢሮ ይግባ?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማናችን ነን በላብ የራስነው?»

ጋሽ ኤርጫፎ ግንባራቸውን ዳሰሱ። ሸራ ተወርዶበት በተቀቀለ አየር ውስጥ ተቀምጠው የወጡት እሳቸው ናቸው፤ ልጅቷ ንፋስ መትቷት ደርቃለች።

«እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ።»

«ለዚያም ነው የምለምንዎት። ስኳርዎን የሚመለከተው ሐኪም ምን አለዎት?»

«ተንቀሳቀስ አለኝ። እንቀሳቀሳለሁ፤ ይኸው ሲቀላ ወርጄ መጣሁ።»

«የተንቀሳቀሰችው እኮ ባጃጇ ናት። እሷ ስኳር የለባትም።»

ሽማግሌው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አስተዳደግ አለና ጢማቸውን አሻሹ።

«ሴት ልጅ ደግሞ፣» አሉ፣ «እግሯን ወዲህና ወዲያ አድርጋ በአደባባይ...»

«ድሮ ሙሽራ በምን ትሄድ ነበር ጋሼ?»

«በበቅሎ።»

«እግሯን በየት በኩል አድርጋ?»

«በበቅሎ ነው ያልኩሽ።»

«እሺ» አለች ሻሺቱ፣ ደግሞም በአክብሮት።

ከታች ሲቀላ በጭሱ ውስጥ ይንጫጫል፤ ከጭሱ ወዲያ የአባያ ቡናማ ውሃ ይታያል። ጋሽ ኤርጫፎ የልጅቷን ዓይን ተከትለው አዩና ቀደሟት።

«አውቃለሁ፤ አሁን ስለ ጭስ ልትነግሪኝ ነው። አንዲት ባጃጅ ብታጨስ ምን ታህል ታጨሳለች?»

«አንዲት ቢምቢስ ምን ታህል ደም ትመጥጣለች? አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ግን ወባ የያዘው በአንዷ እንደሆነ አይጠፋውም። እኔ ባጃጅ ትጥፋ አላልኩም። የታመመ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ኩንታል የተሸከመ አለ፤ ለነሱ ትኑር። ሩቅ የሚሄድም ሰው በሚጋራው ሚኒባስ ይሂድ። ግን አንድ ጤነኛ ሰው ለብቻው፣ ሸራ አስወርዶ፣ ጥሪ የሚሰማበት ቦታ ድረስ...»

«ስሜን ጥሪና ጨርሺው።»

«አልጠራም፤ ነውር ነው።»

እዚህ ላይ ጋሽ ኤርጫፎ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ሰው ወደ ድሮው መመለሱ አይቀርምና ወደ በቅሏቸው ተመለሱ።

«እኔን ያሳደገችኝ በቅሎ ናት፤ ይህን አባትሽም ያውቃል። ገና ክትባት ሠራተኛ ሳለሁ እስከ ካምባ በሷ ነበር የምሄደው። መንገድ ላይ ሸንጎው ሜዳ፣ ዱቡሻ ስደርስ፣ ሽማግሎች ለዳኝነት ተቀምጠው ካገኘሁ፣ እወርዳለሁ። ልጓሜን ይዤ በእግሬ አልፋለሁ። እነሱም ቁመው ይመርቁኛል። በዚያ ምርቃት ነው እዚህ የደረስኩት። ያን ጊዜ ሰው ሰው ነበር። አሁን ወርዶ ሰላም የሚል የት አለ?»

ሻሺቱ ለመልስ አልቸኮለችም። ዳገት የለመደ ሰው ትንፋሹን መቆጠብ ያውቃል።

«ላንድክሩዘሩ ከመጣ በኋላስ ጋሼ? ዱቡሻ ሲደርስ አባቴ መኪናውን ያቆምልዎ ነበር?»

ጋሽ ኤርጫፎ ወደ ቆመችው ባጃጅ ዞሩ።

«መኪና በቅሎ አይደለም» አሉ። «ጥሩንባ እናሰማ ነበር።»

«ጥሩንባ ሰላምታ ነው?»

ነው ሊሉ ነበር። ነገር ግን ያ ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ ሽማግሎቹ ምን እንዳሉ ለማስታወስ ቢሞክሩ አንድም ፊት አልመጣላቸውም። የመጣላቸው አቧራ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ኋላ አይታይም ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍም የሚለው «ወደፊት» ነበር።

«ሳልወርድ ሰላም ማለቴ ጥፋት ነው፤ አጥፍቻለሁ» አለች ሻሺቱ። «ግን ሳይክል የበቅሎ እህት ናት ጋሼ። ሰው ሲያገኙ ይወረድባታል። በመኪናና በኮንትራት ግን ማን ይወርዳል? ይታለፋል እንጂ።»

ሻሺቱ ይዘውት ወደ ወረዱት ሻንጣ ጠቆመች።

«ማን ሊሄድ ነው?»

«መቅደስ ናት። እድገት አግኝታ ወደ ካምባ ልትሄድ ነው። ከአብዱልመጂድ ሱቅ ገዛሁላት፤ ጎማ አለው» አሉና በአስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳብ ሳብ አድርገው አሳዩዋት።

ሻሺቱ ጎማውን አየች፤ ፊቷ ግን አልፈካም።

«እድገት ነው አለችዎት?»

«እሷማ አላለችም። ታዲያ ሰው ከዚህ ወደ ካምባ በሌላ በምን ይዛወራል?»

«እሷ ብትነግርዎ ይሻል ነበር።»

«ካወቅሽ ንገሪኝ። አባት ነኝ።»

ሻሺቱ ቆቧን በእጇ አሽከረከረች።

«የጤና ኬላዋ ያለችበትን ያውቃሉ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ባጃጅ አይገባም፤ መንገዱ የጎማ ዘንግ ይሰብራል። ስለዚህ በእግሯ ትገባለች። ከሙዝ እርሻው ወዲህ ያሉትን ቤቶች ስታዳርስ ይመሻል፤ ከወዲያ ያሉት እናቶች ሳይታዩ ይውላሉ። ከመስከረም ጀምሮ ሳይክል አስተምሬያታለሁ ጋሼ። ጎበዝ ናት። ለኬላዋ አንድ ሳይክል ተሰጥቷታል፤ እኔ ጋ ቆማለች።»

«ለምን ቆመች?»

«አንድ ቀን እራት ላይ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማች።»

ጋሽ ኤርጫፎ አስታወሱ። ሻሺቱ በዚያ ቆቧ በደጃቸው አልፋ ነበር። እሳቸውም እየጎረሱ እንዲህ አሉ፦ «የኔ ልጅ ብትሆን እዚህ ሳይክል ላይ ከማያት ካምባ ሄዳ ብትኖር እመርጣለሁ።» ካምባን ያነሱት እንዲሁ ነው። ሩቅ ቦታ ሲፈልጉ አፋቸው ላይ የመጣላቸው እሱ ነው። ባህር ማዶ ማለትም ይችሉ ነበር።

ልጅቷ ግን ያባቷን ቃል መሬት አትጥልም።

«ካምባ ያለው ኬላ ከሚያገለግላቸው ቤቶች ጋር የተያያዘ ነው» አለች ሻሺቱ ቀስ ብላ። «እዚያ ሳይክል አያስፈልጋትም፤ እዚህ ደግሞ ያለ ሳይክል ሥራዋን መሥራት አልቻለችም። ሰኞ ለጤና ቢሮው መልስ ትሰጣለች።»

ጋሽ ኤርጫፎ ሻንጣውን አዩት። የገዙት ለልጃቸው እድገት መስሏቸው ነበር፤ ለካ የገዛ ምሳሌያቸውን ሊጭኑበት ኖሯል።

ቁልቁል ቢያዩ ጀዋር የለም።

«ይህ ሳይክል ዕቃ ይጭናል?» አሉ።

«ከኋላ መጫኛ አለው።»

«በይ ጫኚው። እንሂድ። ቤንዚን ስጠብቅ ሰኞ አይድረስብኝ።»

ሻሺቱ ሻንጣውን በላስቲክ አሰረችው። መሪውን ልትይዝ ስትል ጋሽ ኤርጫፎ ቀደሟት፤ ልጓም እንደሚይዝ ሰው ከጎን ሆነው ያዙት። ሳይክሏም እንደ ደህና በቅሎ ተከተለቻቸው።

የቀረው ዳገት ብዙ አልነበረም፤ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ። ያዘገያቸው ድካሙ ሳይሆን ሰዉ ነው። መጀመሪያ ሙዝ የምትሸጠው ባህሪያ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ደህና ነዎት እንዴ? ባጃጅ ደጅዎ ቆማ ባየሁ ቁጥር ወደ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ መስሎኝ፣ ዱዓ ሳደርግልዎ ከረምኩ።»

«ወደ እድር ነበር የምሄደው።»

«ወደ የቱ እድር?» አለች ባህሪያ፤ እሷ የምታውቃት እድር እዚያው ደጃቸው አጠገብ ስለሆነች ሌላ ሩቅ እድር የገቡ መስሏት ነው። ጋሽ ኤርጫፎ መልሱን ለሌላ ቀን አስተላለፉት።

ትንሽ አለፍ እንዳሉ በዛብህን አገኙ፤ አብሯቸው ጡረታ የወጣ ባልደረባቸው ነው፤ በረንዳው ላይ ክራንቹን አስደግፎ ተቀምጧል። እግሩ ከተሰበረ ከርሟል። ጋሽ ኤርጫፎ በየቀኑ በደጁ አልፈዋል፤ ሸራው ነው ያላሳያቸው። «ረሳኸኝ ብዬ ነበር» አለ በዛብህ። ጋሽ ኤርጫፎ ሳይክሏን አቁመው እጁን ይዘው ቆዩ። ባጃጅ ውስጥ ሆነው ቢሆን ይህን ሁሉ ጥሩንባ ይሸፍነው ነበር።

ሴቻ ሲገቡ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የሰፈር ሽማግሎች ተቀምጠው የአጥር ክርክር ይሰማሉ። ጋሽ ኤርጫፎ ሳይክሏን በእጃቸው ይዘው፣ ዝቅ ብለው፣ «ሳሮ» ብለው አለፉ። ሽማግሎቹ አንድም ሳይቀር ተነሱ። «ሳሮ፤ እግርህ አይሰናከል፤ ቤትህ አይጉደል» ብለው መረቋቸው። ጋሽ ኤርጫፎ ይህን ምርቃት ከሰሙ ወዲህ ላንድክሩዘሩ ተገዝቶ፣ አርጅቶ፣ በጨረታ ወጥቷል።

ወሬ ግን ከሳይክልም ይፈጥናል። ሽማግሎቹ ያዩት ቀላል ነገር ነው፤ ሰው ሳይክል ይዞ በእግሩ ሲያልፍ ዱቡሻን ያከበረ ወራጅ ነው። ወራጅ ካለ ደግሞ ቀድሞ የወጣ አለ። ስለዚህ ጋሽ ኤርጫፎ ቤታቸው ሳይደርሱ፣ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ዳገቱን በሳይክል እንደወጡት፣ ከኦይታ ልጅ ጋርም እንደተወዳደሩ ለሰፈሩ ሁሉ ተነግሮ አለቀ። አሸናፊው ላይ ብቻ ሰዉ አልተስማማም።

መቅደስን በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አገኟት።

«አባዬ፣ በሳይክል መጡ ይላሉ።»

ጋሽ ኤርጫፎ እውነቱን ሊናገሩ ሻሺቱን አዩ። ሻሺቱ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ወርጄ ነው የመጣሁት» አሉ። ውሸት አይደለም።

ሻንጣውን ፈተው ደጁ ላይ አቆሙት። ልጅቷ ሻንጣውን አየች፤ ጓደኛዋን አየች፤ ገባት።

«ያ ካምባ ያልኩት፣» አሉ አባት፣ «ለምሳሌ ነበር።»

«ምሳሌውን ተቀብዬ ነው አባዬ።»

«ምሳሌ ይሰማል እንጂ ይዛወሩበታል?»

«እርስዎ የማይመርቁትን ነገር መንዳት አልችልም። ብነዳም እወድቃለሁ። ባለፈው አንዲት እናት ምጥ ይዟት ጠሩኝ። ሮጥኩ። ስደርስ ሕፃኑ ቀድሞኝ መጥቷል። እግዚአብሔር ጠበቃቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። በሚቀጥለው ግን ደህና ባይሆኑ እዚያ ኬላ ተቀምጬ ደሞዝ መብላቴ ምን ይባላል? እዚህ የማልጠቅም ከሆነ የምጠቅምበት ልሂድ ብዬ ነው።»

«ሰውስ ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፤ ይህ የመጨረሻዋ ምሽጋቸው ናት።

«ሰውማ ብሏል» አለች ሻሺቱ። «እርስዎ ዳገቱን በሳይክል ወጥተዋል ብሏል። አባት ወጥቶት ልጅ ብትወጣው ማን ይገረማል?»

ጋሽ ኤርጫፎ ወደ ግቢያቸው ጥግ ሄዱ። ቧንቧው የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ሣር ለምልሟል። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ነቀሉ። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ሲይዝ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው። ሣሩን በሻሺቱ ሳይክል መሪ ላይ አሰሩት፤ የመቅደስ ሳይክል በቦታው ስላልነበረች እህቷ ወክላ ተመረቀች።

«በሄድሽበት መንገዱ ይቃናልሽ። ጎማሽን እሾህ አይንካው። የምትደርሺላት እናት በሰላም ትገላገል። ጀምበር ሳትጠልቅ ደግሞ ወደዚህ ቤት ተመለሽ።»

መቅደስ ጉልበታቸውን ሳመች።

በዚህ መሀል ጀዋር ከነባጃጁ እያስካካ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ወራጅ አለ ብዬ ሄጄ ስመለስ ወራጁ የለም። ደንበኛዬን በሳይክል ጠለፋችሁብኝ አይደል?»

«ለእድር አልጠራህም» አሉት ጋሽ ኤርጫፎ። «ስታመም ግን እጠራሃለሁ።»

«እሷ እንዳያምዎት እኮ ነው የምታስነዳዎት። እኔ ከሁለት ያጣሁ ልሆን ነው።»

«ምጥ የያዛት እናት አስፋልቱ ድረስ በቃሬዛ ስትመጣ ማን ሆስፒታል ያደርሳታል?» አለችው ሻሺቱ። «ለወሬ ስትዞር የምታቃጥለውን ቤንዚን ለዚያ አቆየው። መቅደስ ከመንገድ ትደውልልሃለች።»

ጀዋር ሃይላንዱ ውስጥ የቀረችውን ጭላጭ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አያት። «ይህችኛዋ እንግዲህ የመጀመሪያዋ እናት ድርሻ ናት» አለና ክዳኑን ጠበቅ አደረገ።

ሻንጣው ወደ አብዱልመጂድ ተመለሰ። አብዱልመጂድ የተሸጠ ዕቃ አይመልስም፤ ይህን በትልቁ ጽፎ ከሚዛኑ በላይ ሰቅሎታል። ጋሽ ኤርጫፎ ግን «ጎማ ያለው ዕቃ ጎማ ላለው ነገር ይለወጣል» ብለው በቢሮ ድምፃቸው ሲከራከሩት፣ የጎማ መንፊያ፣ ቃጭልና የዝናብ ልብስ ሰጥቶ አሰናበታቸው። እስከ ዛሬ የሚገርመው ማን ማንን እንዳሸነፈ አለመታወቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ከሙዝ እርሻው ወዲያ ያሉ እናቶች ጧት የቃጭል ድምፅ ሲሰሙ መቅደስ መጣች ይላሉ፤ የሕፃናቱ ክትባት ቀኑን አይስትም። ባጃጅ የማይገባበት መንገድ ለሳይክል ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ጀዋር ለከባዱ ጉዳይ ሲጠራ ከእንግዲህ ታንኩ ባዶ አይገኝም። ጋሽ ኤርጫፎ እድር በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ስኳራቸውን ለክቶ ምን ጀመሩ ሲላቸው «ሰላምታ» ይሉታል። በዛብህን ለመጠየቅ ደግሞ ሻሺቱ ባገኘችላቸው አሮጌ ሳይክል ይሞክራሉ፤ በሜዳው ብቻ፣ ፍሬኑን ጨብጠው፣ ከጎን የሚሄድ ሁሉ እየቀደማቸው። ወሬው እውነት እንዳይጎድለው ብለው ነው። ሙቀት ነው፣ ዳገት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ በሸራ ውስጥ የተቀመጠ አንባቢ ቢኖር፣ ሸራውን ገለጥ ያድርግ፤ ከውጭ ሰላም የሚለው ሰው ላይጠፋ ይችላል።

ግን ከሁሉ የምትበልጠው ያቺ የመጀመሪያዋ ሰኞ ናት። ጋሽ ኤርጫፎ ማለዳ ተነስተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወደ ሲቀላ የሚያወርደው መንገድ ዳር ቆሙ። ሽማግሎቹም ወደ ዛፋቸው እየመጡ ነበር። መቅደስ ከላይ ብቅ አለች፤ ያን የተገመሰ ቅል ደፍታለች፤ መሪው ላይ ከሻሺቱ ሳይክል የተዛወረ፣ ጠውልጎ ያልረገፈ ሣር አለ። ሻሺቱ ከኋላዋ ትከተላለች።

መቅደስ አባቷን ስታይ፣ ሽማግሎቹንም ስታይ፣ አስተዳደጓ ነውና ፍሬን ያዘች። አንድ እግሯን ልታወርድ ፔዳሉን ለቀቀች።

ጋሽ ኤርጫፎ በዕድሜያቸው ሙሉ ከበቅሎ ሳይወርድ ያለፋቸውን ሁሉ ሲወቅሱ ኖረዋል። አሁን ግን እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አትውረጂ ልጄ» አሉ። «እናቶቹ ይጠብቁሻል። አንቺ እለፊ፤ ለሽማግሎቹ እኔ እወርድልሻለሁ።»